ወለድ ሲረክስ ዕዳ አይረክስም

ባለፈው ክረምት፣ ዝናብ በጣለበት በአንድ ቅዳሜ ቀን፣ ቀድሞ ያስተማርኋቸው ሁለት ወጣቶች ሊጠይቁኝ ወደ ቤቴ መጡ። አንደኛው ነጋዴ ነው፤ ሁለተኛው በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል ይሠራል። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስለ ኑሮ ስንጫወት ነገሩ ወደ መንግሥት ዕዳ ዞረ። ነጋዴው «ጋሼ፣ መንግሥት በተበደረ ቍጥር ወለድ ይወደዳል፤ ወለድ ሲወደድ እኛ ነጋዴዎች እንከስራለን፤ ስለዚህ መንግሥት መቼም ቢሆን ሊበደር አይገባውም» አለ። የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ «የለም! ጃፓን ያን ሁሉ ዕዳ ተሸክማ ስንት ዓመት ሙሉ የከፈለችው ወለድ ከ1 በመቶ በታች ነበር። እንግዲህ ዕዳ የሚያስፈራው ፈሪን ብቻ ነው» ሲል መለሰለት። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሁለቱም መጽሐፍ ጠቀሱ፤ ቡናው ቀረበ፤ ሳይጠጣም ቀዘቀዘ።

በዚያን ቀን እንግዶቼ ነበሩና አልገሠጽኋቸውም። ነገር ግን ከሄዱ በኋላ ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። ሁለቱም ተሳስተዋልና። ስሕተታቸውም የእነርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ፤ ዳሩ ግን ዛሬ የሚማረው ወጣት ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ጎራዎች በአንዱ ተሰልፎ አየዋለሁ። ለሰው ብለው ሲያሙ ለእኔ ብለህ ስማ እንደሚባለው፣ ይህን ጽሑፍ ለእነርሱ ብጽፈውም አንተም፣ አንቺም ለእኔ ነው ብላችሁ አንብቡት።

ከሁሉ አስቀድመን ወለድ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ወለድ የገንዘብ ኪራይ ነው። በገጠር ያደገ ሰው ነገሩን በበሬ ያውቀዋል። ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ሲለሰልስ በሬ የሌለው ገበሬ ሁሉ በሬ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የበሬ ኪራይ ይወደዳል። በዚያ ወቅት አንድ ባለ ብዙ መሬት ሰው መጥቶ ከመንደሩ ዐሥር ጥማድ በሬ ጠቅልሎ ቢከራይ ለድኾቹ የሚቀረው ጥቂት ይሆናል፤ ያም ጥቂት ዋጋው ይንራል። ነገር ግን ሰው ሁሉ ተስፋ ቈርጦ እርሻውን የተወበት ዓመት ቢሆን በሬዎቹ በበረት ቆመው ጭድ ብቻ ይበላሉ። ያን ጊዜ ባለ መሬቱ ዐሥር ጥማድ ቢወስድ ከማንም አይቀማም፤ ኪራዩም አይወደድም። እንዲያውም የበሬዎቹ ባለቤቶች ደስ ብሏቸው ያከራዩታል።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። ንግድ በደራበት ዘመን ፋብሪካ የሚተክለው፣ ቤት የሚሠራው፣ ዕቃ የሚያስመጣው ሁሉ ብድር ይሻል። በዚያን ጊዜ መንግሥት ከገበያው ብዙ ገንዘብ ጠቅልሎ ቢበደር ነጋዴውን ከባንክ በር ላይ ይገፋዋል፤ ወለድም ይወደዳል። እስከዚህ ድረስ ነጋዴው ተማሪዬ እውነት ተናግሯል። ድቀት ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ነጋዴው ሸቀጡ ስላልተሸጠለት አይበደርም፤ ሠራተኛው ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ስለሚፈራ ገንዘቡን አያወጣም፤ ባንኩም ያበደረውን አጣለሁ ብሎ ስለሚፈራ እጁን ይሰበስባል። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲቈጥብ የአንዱ ቍጠባ የሌላው ገቢ መጥፋት ይሆናል። ማዕከላዊ ባንኩም ገበያውን ለማነቃቃት ወለድን ዝቅ ያደርጋል። በዚህ ሰዓት መንግሥት ቢበደር የሚበደረው በበረት የቆመውን በሬ ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ አለመሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። (የውጭውን አገር ነገር ስናገር በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የአገራችንን ስናገር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።) አሜሪካ በ2007 የመንግሥቷ ዕዳ ወደ 9 ትሪሊዮን ዶላር ነበረ፤ በ2012 ወደ 16 ትሪሊዮን ደረሰ። እንደ ነጋዴው ሕግ ከሆነ ወለዱ ሰማይ መንካት ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ማዕከላዊ ባንኩ በ2007 መስከረም ላይ 5.25 በመቶ የነበረውን የወለድ መጠን በ2008 መጨረሻ ወደ ዜሮ አጠገብ አወረደው። በ2007 ከ4 በመቶ በላይ የነበረው የመንግሥት የዐሥር ዓመት ቦንድ ወለድም በ2012 ከ2 በመቶ በታች ወረደ። ዕዳው በእጥፍ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ኪራዩ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ይህ የሆነው ዕዳ ወለድን ስለሚያረክስ አይደለም፤ ድቀቱ የነጋዴውንና የቤት ገዢውን የብድር ፍላጎት ስለ ገደለው ነው።

በ1930ዎቹም እንዲሁ ነበር። እንግሊዝ በ1932 የባንኳን ወለድ ወደ 2 በመቶ አወረደች፤ በዚያውም ዓመት ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የተበደረችውን 2 ቢሊዮን ፓውንድ የሚያህል ዕዳ ከ5 በመቶ ወደ 3.5 በመቶ ለወጠችው። አሜሪካ ደግሞ በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ሥራ ፈትቶ ነበር። ኋላ ገበያው ማገገም ሲጀምር በ1937 መንግሥት ወጪውን ቈረጠ፤ ማዕከላዊ ባንኩም በባንኮች ላይ ልጓሙን አጠበቀ። ቍስሉ ሳይሽር ፋሻው ተፈታና በ1938 የሥራ ፈቱ ቍጥር እንደ ገና አሻቀበ። እንግዲህ «መንግሥት መቼም አይበደር» የሚለው ቃል ጥንቃቄ ይምሰል እንጂ በድቀት ቀን ጭካኔ ነው። የሚከፍለውም ሥራውን ያጣ አባትና ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ነው።

ይህን ሲያነብ ሁለተኛው ተማሪዬ «አላልሁም?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። አይሳቅ። የእርሱ ስሕተት ከወንድሙ ስሕተት ይብሳል። ነጋዴው የተሳሳተው በፍርሃት ነው፤ እርሱ ግን የተሳሳተው በድፍረት ነው። ፈሪ ራሱን ይጐዳል፤ ደፋር ግን ልጆቹን ሳይቀር በዕዳ ያስይዛል።

ጃፓንን ጠቅሷል። እውነት ነው፤ የመንግሥቷ ዕዳ አገሪቱ በዓመት ከምታመርተው ሁሉ በእጥፍ ይበልጣል፤ ከ2014 እስከ 2022 ድረስም የዐሥር ዓመት ቦንዷ ወለድ ከ1 በመቶ በታች ነበረ። ነገር ግን የተበደረችው ከማን ነው? አብዛኛውን ከገዛ ሕዝቧ። በምን ገንዘብ? በራሷ የን። ኤኮኖሚዋስ በምን ሁኔታ ላይ ነበር? ለብዙ ዘመን ቀዝቅዞ፣ ዋጋ እየወረደ ወይም ባለበት ቆሞ፣ ነጋዴዎቿ ከመበደር ይልቅ ዕዳቸውን እየከፈሉ። ማዕከላዊ ባንኳም ራሱ ከመንግሥቱ ቦንድ ግማሽ ያህሉን ገዝቶ ይዞ ነበር። ዋጋ መናር ሲጀምር ግን ባንኩ ከዜሮ በታች ያደረገውን ወለድ በ2024 መጋቢት ላይ ተወው፤ በ2025 የዐሥር ዓመቱ ወለድ ከ1.5 በመቶ አለፈ። በቅዝቃዜ የኖረ ዕዳ ሙቀት ሲመጣ ይቀሳቀሳል።

የገንዘቡን ባለቤትነት ነገር በስፔንና በእንግሊዝ እንመልከተው። በ2011 ከምርቷ ጋር ሲመዛዘን የስፔን ዕዳ ከእንግሊዝ ዕዳ ያነሰ ነበር። ሁለቱም በድቀት ላይ ነበሩ። ነገር ግን በ2012 ሐምሌ ስፔን ከ7 በመቶ በላይ ወለድ ስትጠየቅ እንግሊዝ ከ2 በመቶ በታች ትከፍል ነበር። ለምን? እንግሊዝ ዕዳዋ በራሷ ፓውንድ ስለ ሆነ አበዳሪው «ገንዘቡ ያልቅባታል» ብሎ አይፈራም፤ ስፔን ግን ዩሮ ልታትም አትችልም። በዚያው ወር መጨረሻ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ዩሮን ለማዳን የሚያስፈልገውን ሁሉ እንደሚያደርግ ባስታወቀ ጊዜ፣ የስፔን ዕዳ አንድ ሳንቲም ሳይቀንስ ወለዷ መውረድ ጀመረ። የግሪክ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር። በ2009 የመንግሥቱ የበጀት ጕድለት ቀድሞ ከተነገረው እጅግ የበለጠ መሆኑ ተገለጠ፤ በ2012 መጀመሪያ የዐሥር ዓመት ቦንዷ ወለድ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ፤ በ2013 ከመቶ ሠራተኞቿ ከ27 የሚበልጡት ሥራ ፈት ነበሩ። እዚህ ድቀቱ ወለድን አላወረደም፤ እንዲያውም ድቀትና ወለድ እየተጋገዙ አገሪቱን ጣሏት።

እንግዲህ ድቀት ወለድን የሚያወርደው ለሚታመን ተበዳሪ ብቻ ነው። ላልታመነው ግን ይሰቅልበታል። ወለድ የገንዘብ ኪራይ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ልጨምርበት፤ ወለድ የእምነትም ዋጋ ነው። እምነት ደግሞ ለታላቅ መንግሥት እንኳ ዋስትና የላትም። በ2022 መስከረም የእንግሊዝ መንግሥት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳያስረዳ 45 ቢሊዮን ፓውንድ የሚያህል የግብር ቅነሳ ዐወጀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የረጅም ጊዜ ቦንዱ ወለድ ከ5 በመቶ በላይ ዘለለ፤ ማዕከላዊ ባንኩ ገበያውን ለማረጋጋት ጣልቃ ገባ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯም በጥቅምት 20 ሥልጣኗን እንደምትለቅ አስታወቀች። ያች አገር በራሷ ገንዘብ የምትበደር መሆኗ ከመጐዳት አላዳናትም።

ደግሞም ወለድ ሲረክስ የተወሰደ ዕዳ ረክሶ አይኖርም። የዕዳው ሰነድ ጊዜው ሲደርስ በአዲስ ብድር ይታደሳል፤ የሚታደሰውም በዚያን ቀን ዋጋ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት በ2022 መጋቢት ከዜሮ አጠገብ የተነሣውን ወለድ በ2023 ሐምሌ ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ አደረሰው። ከዚህም የተነሣ በ2024 የበጀት ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ለወለድ የከፈለው ገንዘብ ለመከላከያ ካወጣው በለጠ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በርካሽ ቀን ሳያስቡ የተበደሩት በውድ ቀን ያስለቅሳል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ የነገሩም ዋና እዚህ ነው። ስለ ሌላው አገር መራቀቅ ቀላል ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ስለ ራሳችን እንናገር።

መንግሥት ብዙ እየተበደረም ወለድ እንዲረክስ የሚያደርግ ሌላ መንገድ አለ። እርሱም በትእዛዝ ማርከስ ነው። በ2003 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ከእያንዳንዱ አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚያህል ገንዘብ አውጥተው በ3 በመቶ ወለድ የአምስት ዓመት የመንግሥት ሰነድ እንዲገዙ ታዘዙ። መመሪያው እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ቈየ። ለቈጣቢው የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ እስከ 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ 5 በመቶ ነበር። በዚህ መካከል በ2003 መጨረሻና በ2004 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንዲት እናት 100 ብር ባንክ አኖረች እንበል። በዓመቱ 105 ብር ሆነላት። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በ100 ብር የሚገዛው እህል ዘንድሮ 130 ብር ሆኗል። እንግዲህ 105 ብሯ የሚገዛላት ባለፈው ዓመት 81 ብር ገደማ ይገዛው የነበረውን ነው። አሥራ ዘጠኙን ብር ማን ወሰደው? ሌባ አልገባባትም፤ ግብር ሰብሳቢ በሯን አላንኳኳም። የወሰደው በርካሽ የተበደረው ነው። ይህ ስሙ ወለድ ይባል እንጂ በእውነቱ ግብር ነው፤ ያውም በምክር ቤት ያልተመከረበት፣ ደረሰኝ የሌለው፣ ከሀብታሙ ይልቅ ድኻውን የሚያገኝ ግብር። ሀብታሙ ገንዘቡን በቤትና በመሬት፣ በብረትና በሲሚንቶ ይለውጣል፤ ድኻው ግን የባንክ ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል።

በዚህ ጕዳይ የምወቅሰው አስቀድሜ ራሴን ነው። በእነዚያ ዓመታት በክፍል ፊት ቆሜ «ልጆቼ፣ ቍጠባ የሀብት መሠረት ነው» እያልሁ የቍጠባ ደብተር እንዲከፍቱ ስመክር ነበር። አንዲት ተማሪዬ ለእናቷ የስፌት መኪና ልትገዛ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ስታኖር አምስት ዓመት ቈየች። ገንዘቡ ሞላልኝ ብላ ወደ ገበያ በሄደች ጊዜ የመኪናው ዋጋ ከእርሷ ቀድሞ ሮጦ ነበር። መጥታ «ጋሼ፣ ባልቈጥብ ይሻል ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ቍጠባን እንጂ የወለድንና የዋጋ ንረትን ግንኙነት አላስተማርኋትም፤ እኔም በደንብ አላውቀውም ነበርና። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን መልስ ዘግይቼም ቢሆን ልሰጥ ብዬ ነው።

«ለልማት አይደለምን? መንገድና ግድብ አልተሠራበትምን?» የሚለኝ አይጠፋም። ተሠርቷል፤ አልክድም። ነገር ግን መልካም ሥራ በግልጽ ዋጋ ይሠራ። በትክክለኛው ወለድ ቢበደሩ ኖሮ የትኛው ሥራ ወለዱን እንደሚያወጣና የትኛው እንደማያወጣ በታወቀ ነበር። ኪራዩ በነጻ የሆነለት ሰው በሬውን ድንጋይ ላይም ያርሰዋል።

በውጭ ገንዘብ የተወሰደው ዕዳ ደግሞ በትእዛዝ አይረክስም። አገራችን በ2007 ዓ.ም. 1 ቢሊዮን ዶላር በዐሥር ዓመት ቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድ ተበደረች። ጊዜው ሌላው ዓለም ወለድን አርክሶ የነበረበት ዘመን ነውና አበዳሪዎች ተሻምተው ሰጡን፤ እኛም ርካሽ መሰለን። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ግን 33 ሚሊዮን ዶላር የወለድ ክፍያ ሳይከፈል ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዕዳው በዶላር ሲቈጠር አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በብር ሲቈጠር ግን በእጥፍ ሊሆን ተቃረበ። በዚያው ሐምሌ የተተከለው የብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድም 15 በመቶ ነበር። እንግዲህ ሁለተኛው ተማሪዬ ይንገረኝ፤ እኛ ጃፓን ነን?

ዮሴፍ ለፈርዖን የመከረውን ምክር በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አንድ አምስተኛውን አኑር፤ በሰባቱ የረኃብ ዓመታት ጐተራህን ክፈት። በዚህ ምክር ውስጥ ሁለቱም ተማሪዎቼ መልሳቸውን ያገኛሉ። ነጋዴው በረኃብ ቀን ጐተራው አይከፈት ይላል፤ ሠራተኛው በጥጋብ ቀን ማኖር አያሻም ይላል። ብዙ መንግሥታት የሚያደርጉት ደግሞ የሁለቱን ስሕተት አጣምሮ ነው፤ በጥጋብ ቀን ይበደራሉ፤ በረኃብ ቀን የሚያበድራቸው አጥተው ከድኻው ጕሮሮ ይቈርጣሉ።

ስለዚህ፣ ወጣቶች ሆይ፣ መንግሥት ተበደረ ሲባል ስትሰሙ አትደንግጡ፤ አታጨብጭቡም። አራት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ጊዜው የድራት ነው ወይስ የድቀት? ሁለተኛ፣ የተበደረው በራሱ ገንዘብ ነው ወይስ በሰው ገንዘብ? ሦስተኛ፣ ወለዱን ያወረደው የአበዳሪው እምነት ነው ወይስ ትእዛዝ? አራተኛ፣ ገንዘቡ የተከለው ነገር ዕዳውን በሚከፍሉት ልጆች ዘመን ፍሬ ይሰጣል ወይስ ዛሬውኑ ተበልቶ ያልቃል? እነዚህን አራቱን ሳይጠይቅ ዕዳን የሚረግም ሰውም፣ የሚያሞግስ ሰውም፣ ያው ናቸው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ለዚያች ተማሪዬም መልሴ ይኸው። ልጄ፣ መቈጠብሽ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ የእኛ የታላላቆችሽ ነው፤ ዋጋው ሳይነገርሽ በአንቺ ቍጠባ ሲሠራ አይተን ዝም ብለናልና። አንቺ ግን ልጆችሽን ስታስተምሪ ሁለቱንም አስተምሪ፤ መቈጠብንም፣ ቍጠባቸው የት እንደሚሄድ መጠየቅንም። ሁለቱ ወጣቶች ደግሞ ዳግመኛ ሲመጡ ቡናውን አስቀድመው ይጠጡ፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።